ከሰቆጣ የመጣው ውሃ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ አሥራተ ማርያም፤
ሰቆጣ

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዘንድሮ የቅኔ ተማሪ በረከተልዎ ወይስ ሁሉም ወደ ከተማ ሸሸ? ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «እጅሽ ምን ሆነ?» ላሉኝ፣ እጄ ደህና ነው፤ ግን ይሸታል። ደብዳቤውን ሲከፍቱ እንዳይሸትዎ ብዬ ነው የተውኩት። ይህንንም የምጽፈው ሦስት ጊዜ ታጥቤ ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ሥራው አስጠልቶኛል። «የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብለው ስንት ጊዜ ጠየቁኝ፣ እኔም ስንት ጊዜ አድበሰበስኩት። አብዛኛው መድኃኒት ካርቦን የሚባሉ ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሲሠሩ የሚገኝ ነው። ክቡን እኛ ቀለበት እንለዋለን። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው እነዚህን ቀለበቶች ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ችግሩ ቅንጣቶቹ በውሃ ውስጥ አይገናኙም። ክሎሮፎርምና መሰሎቹ ውስጥ መዘፍዘፍ አለባቸው። ያ ነገር ጧት ገብቼ ማታ እስክወጣ አናቴ ላይ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅስ የት የሚሄድ ይመስልዎታል? ቧንቧው ውስጥ ይደፋል! ቧንቧው ከሕንፃው ጀርባ ቦይ ላይ ይወጣል፣ ቦዩ ወንዝ ይገባል፣ በወንዙ ሰላጣ ያጠጣሉ። አንድ ቀን ተከትዬው ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላጣ አልበላም።

ስለዚህ አማካሪዬን ዶክተር አጥናፉን «እኔ በውሃ እሠራለሁ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ዘይትና ውሃ ልታስታርቂ ነው?» አሉኝ። እስካሁን እውነታቸውን ነው። ቅንጣቶቹን የያዘው ዘይት እላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው እታች ይተኛል።

ለራስ ምታቴ ብለው የላኩት የጠበል ጀሪካን በሾፌሩ በአቶ ጌታሁን እጅ ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን በደብዳቤዎ ስለ ምህረት አንድ ቃል የለም። እህቴ ምን ሆነች?

ልጅዎ ዘመናይ


ሰቆጣ፣ ኅዳር 4 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ዘመናይ፣ የፈጣሪ ሰላም ካንቺ አይለይ።

ደብዳቤሽን ጧት አንብቤ ቁርስ ሳልበላ ዋልኩ። ኤዲያ! ሰው የሚበላው ሰላጣ ላይ? ያንን የሚደፉት የተማሩት ናቸው ትይኛለሽ? እኛ እዚህ ፍየል የተነፈሰችበትን ውሃ ስንጸየፍ እነሱ ዲግሪ ይዘው መርዝ ያጠጣሉ። ተይው ውጪ እንዳልልሽ ደክመሽበታል። በውሃ ሞክሪ። ውሃ ምን ይሳነዋል?

ጠበሉን ጧት ጧት በባዶ ሆድሽ ጠጪው። ዘይት ዘይት ሸተተሽ? ፕላስቲክ የሚባል ነገር አልወድም። ለጠበል የማውቀው ቅል ነበር። ቅሉ ሲሰነጠቅ ከአምደወርቅ ገበያ ሁለት የዘይት ጀሪካን ገዛሁ፤ ሽታውን እስካሁን እጸየፈዋለሁ። የሰው እጅ እንዳይነካው እኔው አጥቤ፣ እኔው ተሸክሜ ወርጄ ነው የቀዳሁልሽ። እኔ ዘንድ በቀረው ጀሪካንም በየሳምንቱ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ስለ ምህረት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ፀንሳለች። ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሁለቱን በየአራት ወራቸው ካጣች በኋላ የዚህኛውን ወሬ ለሰው ማውራት አስፈርቶኝ ነበር። ባሏ ምትኩ ከአበርገሌ በበቅሎ አምጥቶ እኔ ቤት አስተኝቷታል፤ ቆላው ሙቀቱ አይሆናትም። እንዳለፉት ጊዜያት ሁሉ ጠበሉን አጠጣታለሁ፤ እንዳለፉት ጊዜያት ሁሉ ያስመልሳታል። ያስመልሳት፤ ክፉው እየወጣላት ነው። ሁለቱን ስታጣ «ልጄ፣ ኃጢአትሽን መርምሪ» ብያት ነበር፤ ዘንድሮ ስግደቷንም ጾሟንም አጥብቃዋለች። ይህኛው ከሄደባት ምትኩም ይተዋታል ይላሉ። እናቱ በኽምጣንጋ ቋንቋ ለጎረቤት የምታወራውን ሰምቻለሁ፤ እንደማይገባኝ ሆኜ አለፍኩ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፣

ይህን ሲያነቡ እባክዎ ይቀመጡ። ለሰላምታ እንኳ ድፍረት የለኝም።

«ጠበሉን ጠጣሽው ወይ?» ብለው ሁለት ጊዜ በሰው ልከው ጠይቀውኛል። አልጠጣሁትም። የመጀመሪያ ቀን አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ጉሮሮዬን ፋቀኝ፣ እስከ ቀትር ሲያስመልሰኝ ዋለ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን ላብራቶሪ ወስጄ ጠረጴዛዬ ሥር ሸጎጥኩት። ለእርስዎ ደግሞ «እየጠጣሁ ነው» ብዬ አስነገርኩ። ዋሸሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። በቀደም ውሃ ጠፋ፤ የተጣራ ውሃም አለቀ። ሙከራውን ጀምሬዋለሁ፣ ማቆም አልችልም። ጀሪካኑን አነሳሁ። ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ጠበሉን ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩት።

ከዚያ በፊት በተጣራ ውሃ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሬ ዘይቱ እንደ ሾርባ ቅባት እየተንሳፈፈ አሻፈረኝ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ውሃው እንደ አጓት ነጣ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከሥሩ ቢጫ አሸዋ የመሰለ ነገር ተቀመጠ። ቀለበቱ ነው! ክሎሮፎርም የለ፣ ሽታ የለ፣ በውሃ! ብቻዬን ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም። ውሃው ሲመጣ በተጣራ ውሃ ደገምኩት፤ እምቢ። በእርስዎ ውሃ ደገምኩት፤ እሺ። ለዶክተር አጥናፉ ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ምን አስጨነቀሽ? የምንጭ ውሃም ውሃ ነው፤ ውሃ ብለሽ ጻፊ።» ፊታቸው ላይ ልተፋ ቃጣኝ።

ጀሪካኑን ወሰድኩና ወዘወዝኩት። አረፋ ሠራ። አረፋው ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳይጠፋ ቆየ። ከዚያ አሸተትኩት። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና የእርስዎን ነጠላ ስታጥብ እጇን ይሸታት የነበረው ነው። እንዶድ ነው።

ከምንጩ በላይ ማነው ልብስ የሚያጥበው? በሽተኛ በእምነት የሚጠጣው የሰው እድፍ ነው ማለት ነው? እንዶድ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይፈጃል። ፅንስ ማስወረድ የፈለገች ሴትም ምን በጥብጣ እንደምትጠጣ ያውቃሉ፤ እኔ ለአባቴ አልጽፍም። ምህረት ከዛሬ ጀምሮ ያንን ውሃ እንዳትቀምስ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ዘመናይ


ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዘመናይ፣

ሰላምታውን ቁጣዬ ሲበርድ እልክልሻለሁ።

ጠበል ላይ ዘይትና መርዝ ጨምሬ በጥብጬ አሸዋ አወጣሁ ትይኛለሽ! የተረፈውንስ የት ደፋሽው? እዚያው ቦይ ውስጥ? እዚያው ሰላጣ ላይ? እርም! መዋሸትሽን እንኳ እተወዋለሁ፤ ልጅ አባቱን መዋሸቱ አዲስ አይደለም። ይህንን ግን በምን አፌ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ?

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ከምንጩ በላይ ገደል ነው። ገደሉን ጭላዳ እንኳ አይወጣውም። ልብስ አጣቢዎቹ ከታች ወንዙ ዳር ናቸው፣ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይፈስም። ጠበሉ ከአለት ሥር ነው የሚፈልቀው፤ አያቴም አባቴም ጠጥተውታል። ምን ዓይነት አፍንጫ ሰጡሽ እዚያ?

ሆኖም ነገርሽ አንጀቴ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ጠርሙስ ይዤ ወረድኩና ከአለቱ አፍ ቀድቼ አፉን በማር ሰም አሽጌ ልኬልሻለሁ። መርምሪው። ንጹሕ ሆኖ ስታገኚው እግሬ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ።

እስከዚያው ምህረትን አላስቆምኩም። ባንቺ ጥርጣሬ የእግዚአብሔርን መድኃኒት አልከለክላትም። ትናንት ራሷ «አባ፣ ለዛሬ እንኳ ይቅርብኝ፣ አንጀቴ ተላጠ» ብላኝ ነበር። «ጠጪ» አልኳት፤ ጠጣች።

መሪጌታ አሥራተ ማርያም


አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 1994 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሁለት ቀን ስልክ ቤት ተሰልፌ የሰቆጣ መስመር ተበላሽቷል አሉኝ። ይህችን ለአቶ ጌታሁን በእጃቸው ሰጥቻለሁ፤ ከአውቶቡሱ እንደወረዱ ቤትዎ ድረስ ያመጡልዎታል።

የጠርሙሱ ውሃ ንጹሕ ነው። ወዘወዝኩት፣ አረፋ የለውም። ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩት፣ ዘይቱ እንደተንሳፈፈ ቀረ። ጠጣሁትም፤ ምንም አላለኝ፣ ጣፋጭ ነው። ምንጩን በመጠርጠሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እግርዎ ላይም እወድቃለሁ።

ከዚያ መርካቶ ወርጄ እንዶድ ገዛሁ። ፍሬውን ወቅጬ በተጣራ ውሃ በጥብጬ ሞከርኩት። ቢጫው አሸዋ ወረደ። እንዶድ ዘይቱን በጥቃቅኑ ከፋፍሎ ከውሃው ጋር ያስታርቀዋል፤ ቅንጣቶቹ እዚያ ውስጥ ተገናኝተው ቀለበታቸውን ይዘጋሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ቀለበቴን የሠራልኝ ምንጩ አይደለም።

ስለዚህ እንዶዱ የነበረው ጀሪካኑ ውስጥ ነው። ያን ጀሪካን ያጠበው ማነው ብዬ አልጠይቅዎትም፤ በኅዳር ጽፈውልኛል። በምን እንዳጠቡትም አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ከታጠበ በኋላ አለቅልቀውታል?

ውጤቱን ካወቅኩ በኋላ ሁለት ቀን ሳልጽፍልዎ ዞርኩ። ስልኩን ሰበብ አደረግሁት እንጂ ያኔውኑ ጽፌ ለአቶ ጌታሁን ልሰጣቸው እችል ነበር። ለእርስዎ አዝኜ ነው። ለእርስዎ ሳዝን ምህረት ሁለት ጧት ጠጣች። አሁኑኑ ያስቁሟት። ይህን ወረቀት ሳያጥፉት ያስቁሟት።

ዘመናይ


ሰቆጣ፣ ጥር 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

ልጄ ዘመናይ፣

ጌታሁን ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቆሜ አነበብኩት። ገብቼ ጣሳውን ከእጇ ነጠቅኳት። «ምነው አባ?» አለችኝ። «ተሰነጠቀ» አልኳት። ጣሳ ይሰነጠቃል? ሌላ ውሸት አልመጣልኝም።

ለጠየቅሽኝ፣ አላለቀለቅኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ፍረጂብኝ። የዘይቱን ሽታ ስለምጸየፍ በየሳምንቱ አንድ ጭብጥ እንዶድ ወቅጬ ከጠጠር ጋር ጀሪካኑ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጧት እወዘውዘዋለሁ፣ አረፋውን እደፋለሁ። በቦኖ ውሃ እንዳላለቀልቀው ቦኖውን አህያ ሲጠጣበት አያለሁ፤ ጠበል የሚገባበት ዕቃ ውስጥ ያ ውሃ ጠብታው እንዲቀር ተጸየፍኩ። «ምንጩ ዘንድ ስደርስ በራሱ በጠበሉ አለቀልቀዋለሁ» እላለሁ። እደርሳለሁ፣ ጥቂት እጨምራለሁ፣ እወዘውዛለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ጠበል ሆኗል። ጠበል እግር የሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም። ስለዚህ እላዩ ላይ እሞላበታለሁ። የእንዶዱ ገለባ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በጣቴ አውጥቼ ጥያለሁ። አረፋውን ሳይ «በረከት ነው» ብያለሁ። ሰው እንዲህ ይደነቁራል?

ጀሪካኖቹን የገዛሁት በ92 ጥቅምት ነው። የመጀመሪያው የሄደባት በዚያው ዓመት የካቲት ነው። ሁለተኛውም ከዚያ በኋላ ነው። በቅል ስቀዳ የጠጣ ሰው አስመልሶት አያውቅም። ቁጭ ብዬ ይህን ቆጠርኩ። ያስመለሰችውን በእጄ እየተቀበልኩ «ተመስገን፣ እየወጣላት ነው» እል ነበር። ጧት ውዳሴ ማርያም ላነሳ ስል እጄን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

ያልጻፍኩልሽም አለ። ለገና ሰሞን ደም አይታ ነበር። ከጌታሁን መምጣት ወዲህ ቆሟል፤ ማስመለሱም ቆሟል፤ እህል እየበላች ነው። «ጠበሉ ሠራልኝ» ትላለች። «ጸሎትዎ ሠራልኝ አባ» ትለኛለች! ይህን ስትል ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ልንገራት ወይስ ይዤው ልሙት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የምትይኝን አደርጋለሁ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። ደሙን ስለ ደበቁኝ መናደዴ ገና አልወጣልኝም።

እኔ የተማርኩት አባት ለልጁ ምን እንደሚናገር አይደለም። የማውቀውን ልንገርዎ። ሁለቱን የወሰዳቸው እንዶዱ ነው ብዬ አልምልም። አይደለም ብዬም አልምልም። መማል የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህንኑ እንዳለ ይንገሯት። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላጠፋችውን ጥፋት ስትናዘዝ፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ስትሰግድ ኖራለች። ኃጢአትሽን መርምሪ ያሏት እርስዎ ነዎት። ዝም ቢሉ እስክትሞት ስትመረምር ትኖራለች። ይህን አያድርጉባት።

እኔም እዚህ የእርስዎኑ ፈተና ተፈተንኩ። ዶክተር አጥናፉ ጽሑፌን አንብበው «እንዶድ የሚለውን አውጪው» አሉኝ። «በንጹሕ ውሃ ሠራን ስንል ያምራል፤ የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ያለበትን ጥናት ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?» አሉኝ። እያወቁ አውጪው ሲሉኝ ከክሎሮፎርሙ የባሰ ሸተተኝ። አላወጣሁትም። «ውሃና እንዶድ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዴት እንዳገኘሁትም ጻፍኩ፣ ያልተለቀለቀ ዕቃ ነበር ብዬ። የማን ዕቃ እንደሆነ አልጻፍኩም። እሳቸው ፊርማቸውን ከለከሉኝ፤ ምረቃዬ ወደ ከርሞ ተላልፏል። ደህና ነኝ፣ አይዘኑብኝ። ቦዩ ውስጥ ግን ከእንግዲህ አንድ ጠብታ አልደፋም።

እኔ ጽፌያለሁ። እርስዎም ይንገሯት።

ልጅዎ ዘመናይ


ሰቆጣ፣ ግንቦት 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘመናይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የዘገየሁትን ሁሉ ይቅር በይኝ።

ሦስት ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሦስቱም «ነገሯት ወይ?» ነው የሚሉት። መልስ ያጣሁት የምጽፈው መጨረሻ ስላልነበረው ነው።

ነግሬያታለሁ። የዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሰኞ ጀሪካኑን ፊቷ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ አንቺ አልምልም ያልሽውንም ጨምሬ። እጄን አየች። ፊቴን አላየችም። «ሁለቱም ጊዜ?» አለችኝ። «ሁለቱም ጊዜ» አልኳት። «እኔ እኮ ምን አድርጌ ነው እያልኩ…» አለችና ዞራ ተኛች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ ውሃ አልተቀበለችም። ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ነበረች የምታጠጣት። እንጀራ ሳቀርብላት ትበላለች፣ ስጠራት አቤት ትላለች፤ ውሃ ግን እምቢ። ተጸየፈችኝ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ራሴን ተጸይፌያለሁ። ጀሪካኑን በመጥረቢያ ከፍዬ ቀበርኩት። ቅሉን አውጥቼ ስንጥቁን በሰም ደፈንኩ፤ ውሃ ይይዛል፣ ግን የሚጠቀምበት አልነበረም።

ግንቦት 17 ወለደች። ሴት ናት። ጤነኛ ናት፣ ጩኸቷ ግቢውን ያናጋዋል። ምትኩ አበርገሌ ድረስ ወሬው ሲደርሰው ጫማውን ሳያጠልቅ ነው የመጣ አሉ። እኔ ደጅ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ፤ አልገባሁም።

ትናንት ምህረት ጠራችኝ። ገባሁ። ልጇን አቅፋለች። «አባ፣ ውሃ ጠማኝ» አለችኝ።

ወለተ ሰንበት ከጎኗ ተቀምጣ ነበር። ብድግ ስትል ምህረት በእጇ አስቀመጠቻት።

«በምን ላምጣልሽ?» አልኳት።

«በቅሉ። እዚህ በሩ ላይ ቆመው፣ እኔ እያየሁዎት ያለቅልቁት። ያለቀለቁበትንም እዚያው መሬት ላይ ይድፉት።»

የቦኖ ውሃ ነው። አለቀለቅኩና መሬት ላይ ደፋሁት። ደገምኩት። «አሁንም» አለችኝ። ሦስተኛ አለቅልቄ ደፋሁት፣ እጄም እግሬም ራሰ። ከዚያ ሞልቼ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝና ጠጣች።

አባትሽ አሥራተ ማርያም